ትኬቱ ሳያልቅ፣ ወንበሩ ሳይያዝ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ሆኖ ቴአትር ማየት

ስሙ የናኘ ቴአትር ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው ሲባል ደሴ ላይ ሁሉም የሚጠይቀው "መግቢያው ስንት ነው?" ብሎ ነው። እኔ ይሄ ሁለተኛ ጥያቄ መሆን አለበት ባይ ነኝ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ስንት ጊዜ ይታያል?" የሚለው ነው። አንድ ቀን ብቻ ነው? ሁለት ቀን? በቀን አንዴ ነው ሁለቴ? ትኬቱ በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ ዋጋው ለምን እንደሚሰቀል፣ አየር ባየር ሻጮች ከየት ብቅ እንደሚሉ፣ ዘግይቶ ለደረሰ ሰው የትኛው ወንበር እንደሚተርፍ፣ ሁሉም ከዚህ መልስ ይመነጫል።

አዲስ አበባን እንይ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር መድረካቸውን ለተውኔቶች የሚያከፋፍሉት በሳምንቱ ቀናት ነው። አንዱ ተውኔት እሑድን ያገኛል፣ ሌላው ቅዳሜን፣ ሌላው ከሥራ ቀናት አንዱን። ቀኑን ያገኘ ተውኔት በየሳምንቱ በዚያው ቀን ይታያል። ሕዝብ ከወደደው ወራት ይቆያል፤ ዓመት የዘለቀም አለ። ስለዚህ እዚያ "ትኬት አልቋል" ሲሏችሁ የዛሬው አልቋል ማለታቸው ነው። ሳምንት ትመጣላችሁ፣ ቀደም ብላችሁ ትሰለፋላችሁ፣ ትገባላችሁ።

ደሴ ሲመጣ ሒሳቡ ሌላ ነው። ተዋናይ፣ መብራት፣ ድምፅ ማጉያ፣ የመድረክ ዕቃና ልብስ ተጭኖ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። አልጋ አለ፣ ቀለብ አለ፣ የአዳራሽ ኪራይ አለ፣ መብራት ቢጠፋስ ተብሎ የሚያዝ ጀነሬተር አለ። አንድ ቀን በጨመሩ ቁጥር ወጪው ይጨምራል። ተዋናዮቹም አብዛኞቹ ሌላ መድረክ ወይም የቴሌቪዥን ድራማ ቀረጻ ስለሚጠብቃቸው መመለሻቸውን እያሰቡ ነው የሚመጡት። በዚህ ምክንያት አንድ ወይም ሁለት ቀን አሳይተው ወደሚቀጥለው ከተማ ያልፋሉ። እኛ ጋ "ሳምንት ተመለሱ" የሚባል ነገር የለም። አዲስ አበባ ያለ ሰው በትዕግሥት የሚፈታውን ችግር ደሴ ያለ ሰው በፍጥነት ነው የሚፈታው።

ይህን ልዩነት ሳያውቁ ነው ብዙ ሰዎች የሚያመልጣቸው። አዲስ አበባ ተማሪ እያለ በዕለቱ ተሰልፎ መግባት የለመደ ሰው ደሴም ላይ በዕለቱ ይመጣል፤ በሩ ላይ ሲደርስ ሕዝቡ ሰኞ ገበያ መስሏል። ለአንድ ቀን ትርዒት በዕለቱ መምጣት ማለት ዕድልን መሞከር ነው። ሁለት ቀን ከሆነ ደግሞ አንድ ጥሩ መላ አለ፦ ሁለተኛውን ቀን ምረጡ፣ ትኬቱን ግን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ግዙ። የመጀመሪያው ቀን ላይ የክብር እንግዳውም፣ ስፖንሰሩም፣ የተጋበዘውም ይበዛል፤ ፊት ያሉት ወንበሮች በነሱ ይያዛሉ፣ ንግግርም ስለሚኖር ትርዒቱ ዘግይቶ ይጀመራል። በሁለተኛው ቀን ያ ሁሉ ይቀንሳል፣ ተዋናዮቹም አዳራሹን ለምደውታል፣ ድምፁም ተስተካክሏል። ግን የመጀመሪያውን ቀን ያዩ ሰዎች ወሬውን ሲነዙት የሁለተኛው ቀን ትኬት በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። አስቀድማችሁ ግዙ ያልኩት ለዚህ ነው።

የዓለም ትልልቅ የቴአትር ከተሞችም ከዚህ ሒሳብ አያመልጡም። ኒውዮርክ ውስጥ ብሮድዌይ የሚባሉት ቴአትር ቤቶች 500 እና ከዚያ በላይ መቀመጫ ያላቸው ናቸው፤ አንድ ሥራም ብዙውን ጊዜ በሳምንት 8 ጊዜ ይታያል። ሃሚልተን የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር የሚታይበት አዳራሽ 1,300 ያህል ሰው ይይዛል። በ8 ስታባዙት በሳምንት ከ10,000 በላይ ተመልካች ማለት ነው። ይሄም ሆኖ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ብሮድዌይ ሲገባ ትኬቱ ከወራት በፊት ነበር የሚሸጠው። ፈላጊው የአንድ ከተማ ሰው ብቻ ስላልሆነ ነው። ወንበር ደግሞ እንደ ዳቦ ፈላጊ በዛ ተብሎ ተጨማሪ አይጋገርም።

ዋጋው ላይ ያለው ጨዋታ የሚመጣው ከዚህ ነው። መጋረጃው ከተከፈተ በኋላ ባዶ የቀረ ወንበር ለአዘጋጁ ምንም አያስገባም፤ ሰው የሚሻማበት ወንበር ደግሞ በርካሽ ከተሸጠ ትርፉን የሚወስደው ደላላው ነው። ስለዚህ የነዚያ ከተሞች አዘጋጆች በሁለት አቅጣጫ ሄዱ። ወደ ላይ፦ በ2001 በነሱ አቆጣጠር ኒውዮርክ ውስጥ አንድ እጅግ የተወደደ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ምርጥ የሚላቸውን ወንበሮች በ480 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ዓላማው በደላላ ኪስ የሚገባውን ገንዘብ ወደ ቴአትሩ መመለስ ነበር። አሁን ይህ አሠራር የተለመደ ሆኗል፣ ፈላጊ ሲበዛ ዋጋው በየቀኑ ይቀያየራል። ወደ ታች፦ በነሱው አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ ኒውዮርክ ታይምስ አደባባይ ላይ ለዚያው ቀን ያልተሸጠ ትኬት በቅናሽ የሚሸጥበት መስኮት አለ፤ ለንደንም ሌስተር አደባባይ ላይ ከ1980 ጀምሮ ተመሳሳዩን ከፍታለች። ሃሚልተን ደግሞ ጥቂት ወንበሮችን በዕጣ በ10 ዶላር ይሰጥ ነበር። ለምን 10 ቢባል፣ ታሪኩ የሚተረክለት ሰውዬ ፎቶው ያለው የአሜሪካን 10 ዶላር ላይ ስለሆነ ነው።

ብዙ የወሎ ልጆች ውጭ አገር ይኖራሉ፣ ልጃቸውን ወይም እህታቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱም ብዙ ናቸው። ኒውዮርክ ወይም ለንደን የምትሄዱ ከሆነ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ትኬቱን ከራሱ ከቴአትር ቤቱ መስኮት ወይም ቴአትር ቤቱ ከሚጠቅሰው ድረ ገጽ ግዙ። ጉግል ላይ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ አሻሻጭ ነው፤ ዋጋውም እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ለንደን ላይ የወንበሮቹ ስም ግራ እንዳያጋባችሁ። ስቶልስ የሚሉት ምድሩን ነው፣ ድሬስ ሰርክል የመጀመሪያውን ሰገነት፣ አፐር ሰርክል ቀጣዩን። ኒውዮርክ ላይ ምድሩን ኦርኬስትራ፣ ሰገነቱን መዛኒን ይሉታል። ብዙዎቹ አዳራሾች ያረጁ ስለሆኑ ምሰሶ ወይም የሰገነት ብረት የሚጋርዳቸው ወንበሮች አሏቸው፤ እነሱ በርካሽ ይሸጣሉ፣ ትኬቱም ላይ እይታው የተጋረደ እንደሆነ ይጻፋል። ሳታነቡ እንዳትገዙ።

ወደኛ እንመለስ። እኛ ጋ የዋጋው አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው። በቅድሚያ የተገዛ ይረክሳል፣ በር ላይ ይወደዳል። በመጨረሻው ሰዓት ቅናሽ ጠብቆ መዘግየት ደሴ ላይ የሚያዋጣ አይደለም። ፖስተሩ እንደተለጠፈ ወይም በመኪና ላይ ማስታወቂያው እንደተሰማ አዘጋጁ ማን እንደሆነ፣ ትኬቱ የት የት እንደሚሸጥ፣ በቴሌብር መግዛት ይቻል እንደሆነ አጣሩ። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው አዳራሹ በር ላይና ፖስተሩ ላይ ስማቸው በተጻፈ ሱቆችና ካፌዎች ነው። ስሙ ካልተጻፈበት ቦታ አትግዙ። ይሄ ቀላል ምክር ይመስላል፣ ግን የሐሰት ትኬት ይዞ በር ላይ የሚመለሰው ሰው ሁሉ "አንድ ልጅ ሸጠልኝ" ነው የሚለው።

የወረቀት ትኬት ስትገዙ ማኅተሙንና ተከታታይ ቁጥሩን እዩ። በር ላይ የሚቆረጠው ጉራጅ ከነቁጥሩ መኖሩንም እዩ። ቁጥር የሌለው ትኬት በከለር ኮፒ ለማባዛት ቀላል ነው። በስልክ የሚመጣ ትኬት ከሆነ ደግሞ ምስሉን ለማንም አትላኩ፣ ፌስቡክም ቲክቶክም ላይ አትለጥፉት። ኮዱን በር ላይ መጀመሪያ ያሳየ ሰው ይገባል፤ ሁለተኛው ባለቤቱ ቢሆንም "ይሄ ገብቷል" ይባላል። ደስ ብሏችሁ ትኬታችሁን ለጓደኛ ለማሳየት ከፈለጋችሁ ኮዱን በጣታችሁ ሸፍናችሁ ፎቶ አንሱት።

አየር ባየር የሚሸጠው ትኬት ላይ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሠላሳ አርባ ትኬት በጅምላ ወስዶ በዕለቱ በር ላይ እጥፍ የሚል ሰው ሲኖር፣ አዘጋጁ አንድ ሳንቲም አያገኝም፣ ተዋናዩም አያገኝም፣ የሚከፍለው ግን የደሴ ተማሪና የኮምቦልቻ ሠራተኛ ነው። አሜሪካ በ2016 በነሱ አቆጣጠር በኮምፒውተር ፕሮግራም ትኬት ጠራርጎ መግዛትን በሕግ ከልክላለች፤ ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው። እዚህ ግን መፍትሔው በጣም ቀላል ነው። አዘጋጆች ለአንድ ሰው ከአራት ወይም ከአምስት ትኬት በላይ ባይሸጡ ጨዋታው ያበቃል። ለቤተሰብ ይበቃል፣ ለደላላ አይበቃም። ይህን የምታነቡ አዘጋጆች ካላችሁ እባካችሁ ሞክሩት።

"አልቋል" ስትባሉስ? አብሽሩ፣ ሁልጊዜ አልቋል ማለት ወንበር የለም ማለት አይደለም። ለክብር እንግዶችና ለስፖንሰሮች የተያዙ ወንበሮች አሉ። ኒውዮርክና ለንደንም ተመሳሳይ ነው፤ ቴአትር ቤቱ ለራሱ ሰዎች የሚያስቀምጣቸው ወንበሮች አሉ፣ ሳይፈለጉ ሲቀሩ ትርዒቱ ሊደርስ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ለሽያጭ ይወጣሉ። እኛ ጋ ደግሞ የተጋበዘው ሰው ሳይመጣ ሲቀር የሚታወቀው በዕለቱ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ሲቀረው ለአዘጋጁ ደውሉ፣ በዕለቱም ከአንድ ሰዓት በፊት በሩ ላይ ተገኙና በትሕትና ጠይቁ፦ "ወንድሜ፣ የቀረ እንግዳ ካለ እኔ እዚሁ ነኝ።" በተለይ ብቻውን የመጣ ሰው ትልቅ ዕድል አለው። ሰው የሚገዛው ሁለት ሁለት፣ አራት አራት ሆኖ ስለሆነ በመሀል አንድ አንድ ወንበር ይተርፋል፤ አንዳንዴም ምርጥ የሚባለው ቦታ ላይ። ሁለት ሆናችሁ ተለያይታችሁ ለመቀመጥ ፈቃደኛ ከሆናችሁም ያው ነው። ቴአትር እያዩ ማውራት አይቻልም፤ ስትወጡ ታወሩታላችሁ።

አሁን ወደ ወንበሩ። እኔ በግሌ ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው እላለሁ፤ ሰው ለትኬቱ ሦስት ቀን ተጨንቆ ለወንበሩ ሦስት ደቂቃ አያስብም።

ከሁሉ በፊት "ወንበሩ ቁጥር አለው?" ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥር ካለው የከፈላችሁት ለዚያ ወንበር ነው፣ ብትዘገዩም ይጠብቃችኋል። ቁጥር ከሌለው የገዛችሁት መግቢያ ነው፤ ወንበሩን የምታገኙት ቀድሞ በመድረስ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የተከራዩ አዳራሾች ላይ አብዛኛው ነገር በሁለተኛው መንገድ ነው የሚሄደው። "ቪአይፒ" የሚለው ቃልም ምን እንደሚያካትት ጠይቁ፦ የራሱ በር አለው? ስንተኛ ረድፍ ድረስ ነው? ወንበሩ ቁጥር አለው ወይስ ቪአይፒ የገዙት ሁሉ እርስ በርስ ይሻማሉ? አንድ ጊዜ ከወንበሩ በላይ ትኬት ተሽጦ፣ ቪአይፒ የከፈለ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ሁለት ሰዓት ሲቆም አይቻለሁ። አዘጋጁ ወንበሮቹን ቆጥሮ ወረቀት ላይ ቁጥር ጽፎ ቢለጥፍ ኖሮ አይደርስም ነበር። ቁጥር መለጠፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ፊት ረድፍ ምርጥ ነው የሚለውን እምነት ደግሞ እንመርምረው። መድረክ ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ስትቀመጡ አንገታችሁ ወደ ላይ ይቀራል፣ የተዋናዩ እግር አይታያችሁም፣ በመድረኩ ስፋት ግራና ቀኝ የሚሆነውንም ነገር ጭንቅላት እያዞራችሁ ነው የምትከታተሉት። ሁለት ሰው በሁለት ጥግ ሆኖ የሚነጋገርበት ትዕይንት ላይ የአንዱን ፊት ስታዩ የሌላው ያመልጣችኋል። ኋላ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የቴአትር አዳራሽ የሚነድፉ ባለሙያዎች የተዋናይ የፊት ስሜት በዓይን የሚነበበው እስከ 20 ሜትር ገደማ ነው ይላሉ። በረድፍና በረድፍ መካከል 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ከያዝን፣ ከመድረኩ እስከ መጀመሪያው ረድፍ ያለውንም ክፍተት ከጨመርን፣ 20 ሜትር የሚያልቀው ሃያኛው ረድፍ አካባቢ ነው። ከዚያ ኋላ ያለ ሰው ድምፁን ይሰማል፣ እንባውን ግን አያይም።

ስለዚህ በቃለ ምልልስና በፊት ገጽታ ለሚኖር ድራማ ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ረድፍ፣ መሀል ላይ። ወለሉ ወደ ኋላ እየወጣ የሚሄድ አዳራሽ ከሆነ እስከ አሥራ ሁለተኛውም ችግር የለውም። ወለሉ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን፣ እኛ ጋ ፕላስቲክ ወንበር የሚደረደርባቸው አዳራሾች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፣ ከሰባተኛው ረድፍ በኋላ የምታዩት የሰው ማጅራት ነው። እዚያ ላይ መሀሉን ትታችሁ መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ያዙ። ፊታችሁ ሰው የሌለበት ክፍት መንገድ ስለሚኖር እይታችሁ ይከፈታል። ቁመታችሁ አጠር ያለ ከሆነ ይህ ምክር ወርቅ ነው። ቁመታችሁ ረዘም ያለ ከሆነ ደግሞ ለኋላችሁ ሰው ብላችሁ ዳር ተቀመጡ። ጥምጣምና ትልቅ ባርኔጣም ያው ነው።

ሳቅ በሳቅ ለሆነ ኮሜዲ ሕዝቡ መሀል ግቡ። ሳቅ ይጋባል፤ ባዶ ወንበሮች መካከል ብቻውን የተቀመጠ ሰው ያው ቀልድ ግማሹ ነው የሚደርሰው። ውዝዋዜና ሙዚቃ የበዛበት ሥራ ከሆነ ግን፣ በተለይ የወሎ እስክስታ በቡድን የሚታይበት ከሆነ፣ ወደ ኋላ ሸሸት በሉ ወይም ሰገነት ካለ ውጡ። ተወዛዋዦቹ የሚሠሩት ቅርጽ የሚታየው ከራቅና ከፍ ካለ ቦታ ነው። ፊት ያለ ሰው የአንዷን ትከሻ ሲያይ የሃያውን ሰልፍ አያይም። ሰገነት ላይ የመጀመሪያው ረድፍ ግሩም ነው፣ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ግን መከለያው ብረት ልክ በልጁ ዓይን ላይ ሊያርፍ ስለሚችል ቀድማችሁ እዩት። ከሰገነቱ ሥር ያለው የምድር ወንበር ግን ድምፁ የታፈነ ይሆናል፣ የመድረኩ የላይኛው ክፍልም ይቆረጣል።

ድምፅ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያስበው። ተጓዥ ቡድን የሚያመጣው ስፒከር በመድረኩ ግራና ቀኝ ተደርድሮ ይቆማል። ከአንዱ አጠገብ ከተቀመጣችሁ ሁሉም ድምፅ ከዚያ ብቻ የሚመጣ ይመስላችኋል፣ ጆሮም ይጎዳል። ሕፃን ይዛችሁ እዚያ አትቀመጡ። በጣም ጥሩው የድምፅ ቦታ የት እንደሆነ ለማወቅ ሚክሰሩ ያለበትን ጠረጴዛ ፈልጉ። ድምፁን የሚቆጣጠረው ልጅ የሚያስተካክለው ራሱ በሚሰማው ልክ ነው። እሱ ፊት ለፊት ወይም አጠገብ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው ድምፅ የተስተካከለው ነው። ጀነሬተር ያለበትን በርም አስተውሉ፤ መብራት ከጠፋ በዚያ በኩል ያለ ሰው ግማሹን ቃል አይሰማም።

አዛውንት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ እናታችሁን ወይም አያታችሁን፣ የእይታ ጥራት ሁለተኛ ነው። ደረጃ የሌለበት፣ ለመውጫው ቅርብ፣ ግን በሩ ተከፍቶ በተዘጋ ቁጥር ብርድ የማይገባበት ወንበር ፈልጉ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሰው ሞልቶ የሞቀ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ወደ ማታው ብርድ መውጣት ቀላል አይደለም። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል ከዚያ በስስ ልብስ የሚመጡ ሰዎች ይንቀጠቀጣሉ። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ያዙ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ካለ ከሁለት ቀን በፊት ለአዘጋጁ ደውሎ ቦታ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ በዕለቱ ሰው ከሞላ በኋላ መተላለፊያ ማስከፈት ለሁሉም ፈተና ነው።

ስድስት ሰባት ሆናችሁ ስትሄዱ በአንድ ረድፍ ለመደርደር አትሟገቱ። ሦስቱ ፊት፣ ሦስቱ ልክ ከኋላ ብትሆኑ ሁላችሁም ወደ መሀል ትቀርባላችሁ፣ ልጆችም ቢኖሩ በዓይናችሁ ሥር ይሆናሉ። ነጠላና ቦርሳ አስቀምጦ ለአሥር ሰው ቦታ መያዝ ግን ይቅር። ለአንድ ለሁለት ሰው ያባት ነው፤ ረድፍ ሙሉ ይዞ ትርዒቱ ሊጀመር ሲል የሚመጡ ዘመዶችን መጠበቅ ከአንድ ሰዓት በፊት ደርሶ የቆመውን ሰው መበደል ነው።

ጊዜውንም አስቡበት። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ላይ ትርዒት ይቀንሳል፤ ደሴ ላይ ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቤት፣ በአንድ ግቢ የሚኖር ስለሆነ አዘጋጆች ሁለቱንም ይጠብቃሉ። ከፋሲካና ከኢድ በኋላ ያሉት ቀናት ግን ይጨናነቃሉ፣ ከውጭና ከአዲስ አበባ የመጣው ዘመድም ስለሚጨመር። በነዚያ ቀናት የሚታይ ነገር ካለ ትኬቱን ከበዓሉ በፊት ያዙ። ረመዳን ውስጥ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን ከአፍጥር ጋር አገናዝቡ፤ የምሽት 12 ሰዓት ትርዒት ለብዙ ቤተሰብ አይሆንም፣ የቀን ትርዒት ካለ እሱን ምረጡ።

ለኮምቦልቻ ልጆች ለብቻ የምለው አለኝ። ትኬቱን ለመግዛት ብቻ ደሴ መውጣት አያስፈልግም። ደሴ ላይ ዘመድ ወይም የምታምኑት ጓደኛ ካለ ገንዘቡን በቴሌብር ልካችሁ ያስገዛችሁ፤ የትኬቱን ቁጥር በስልክ ያንብብላችሁ፣ ወረቀቱን ራሱ ያስቀምጥ። ከባዱ መመለሱ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎ ቁልቁለት ማታ ላይ፣ በተለይ ክረምት ጉም ሲወርድ፣ የሚቀለድበት አይደለም። ሚኒባሱም ሲመሽ ይጠፋል። ፖስተሩ ላይ 11 ሰዓት ቢባልም ንግግሩም መዘግየቱም ተጨምሮ ትርዒቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ላያልቅ ይችላል። ስለዚህ ወይ የ8 ሰዓቱን ትርዒት ምረጡ፣ ወይ አሥር አሥራ ሁለት ሆናችሁ ሚኒባስ ደርሶ መልስ ተኮናተሩና ሹፌሩ አዳራሹ በር ላይ ይጠብቃችሁ፣ ወይ ደሴ እደሩ። ለመመለስ ብላችሁ ትርዒቱ ሩብ ሰዓት ሲቀረው የምትወጡ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ መተላለፊያው ዳር ተቀመጡ፤ መጨረሻው ላይ ነው ሁሉም የሚፈታው፣ በዚያ ሰዓት የሃያ ሰው ጉልበት ማለፍ ለናንተም ለሌላውም ያሳቅቃል።

ትርዒቱ ቢሰረዝ ወይም ቢራዘምስ? ተጓዥ ቡድን ላይ ይህ ያጋጥማል፤ መንገድ ይዘጋል፣ ተዋናይ ይታመማል፣ መብራት ይጠፋል። ስትገዙ "ቢሰረዝ ገንዘቡ በምን ይመለሳል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ከነሻጩ ስምና ስልክ ያዙ። በቴሌብር ከከፈላችሁ የክፍያው መልእክት ማስረጃ ስለሆነ አታጥፉት። የወረቀት ትኬት ከሆነ ስትገቡ የሚቆረጠው ጉራጅ በር ላይ ይቀራል፣ የናንተን ግማሽ ግን ትርዒቱ እስኪያልቅ አትጣሉት። መሀል ላይ መብራት ጠፍቶ ትርዒቱ ቢቋረጥና "ነገ በዚሁ ትኬት ግቡ" ቢባል በሩ ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው። ቀኑ ከተቀየረና በአዲሱ ቀን መምጣት ካልቻላችሁ ገንዘባችሁን የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ጥያቄው ግን አዲሱ ቀን ከመድረሱ በፊት መቅረብ አለበት፣ ቡድኑ ከተማውን ለቆ ከሄደ በኋላ የሚጠየቅ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው።